ብየዳን በትምህርት ቤት ወርክሾፕ በሚገባ ለመማር

በአዲስ አበባ ከሜክሲኮ በተክለሃይማኖት አድርጎ ወደ መርካቶ በሚወስደው መንገድ ዳርና ዳር የብረት በር፣ መስኮትና አጥር የሚሠሩ ቤቶች በርካታ ናቸው። እዚያ ቆሞ ለሚመለከት ወጣት ብየዳ ጭንብል አድርጎ ኤሌክትሮድ (እየቀለጠ ብረት የሚያያይዝ ሽፋን ያለው ሽቦ) ከማስነካት ያለፈ ሥራ ላይመስለው ይችላል፤ ጥቂት ሳምንት አብሮ የዋለ ሰውም ሁለት ብረት ማያያዙ አይቀርም። በእነዚህ ቤቶች ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ብረት ገንዘብ የተከፈለበት የደንበኛ ንብረት ስለሆነ፣ ተለማማጁ አበላሽቶ፣ ቆርጦ፣ ውስጡን አይቶ እንደገና የሚጀምርበት ዕድል የለም። የቴክኒክና ሙያ ወርክሾፕ ለተማሪው የሚሰጠው ትልቁ ነገር ይኸው የማበላሸት ፈቃድ ነው። ከዚህ በታች የሚቀርበው መመሪያ በሁለተኛ ደረጃ ዕድሜ ላይ ሆኖ ወደ ብረታ ብረት ሙያ የሚገባ ተማሪ ይህን ፈቃድ ሳያባክን እንዲጠቀምበት የሚያግዝ ነው።

በመሀል ከተማ የብረታ ብረት ሙያ በማስተማር ከቆዩት ተቋማት መካከል ሜክሲኮ አካባቢ የሚገኘው ተግባረ ዕድና በ1917 ዓ.ም. ተፈሪ መኮንን ተብሎ በተከፈተው ትምህርት ቤት ግቢ ያለው እንጦጦ ፖሊቴክኒክ ይጠቀሳሉ። የመግቢያ መስፈርቱ ከዓመት ዓመት ሊለዋወጥ ስለሚችል በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ማንበብ እንጂ የአምና ተማሪ የነገረውን ይዞ መሄድ አይበጅም። ከመመዝገብ በፊት ግን፣ ተቋሙ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ ፈቃድ ጠይቆ ወርክሾፑን በተግባር ትምህርት ሰዓት ማየት ከማንኛውም ምስክርነት ይበልጣል። የማሽኖቹን ብዛት ብቻ ሳይሆን በዚያ ቀን የሚሠሩት ስንቱ እንደሆኑ፣ የብየዳ ቦታዎቹ በመጋረጃ የተከለሉ መሆናቸውን፣ ጭሱ የሚወጣበት መንገድ መኖሩን ማስተዋል ይገባል። የቁርጥራጭ ማጠራቀሚያውንም ማየት ጥሩ ነው። ማጠራቀሚያው መሀል ለመሀል በተቆረጡና በተሰበሩ የብየዳ ናሙናዎች የተሞላ ከሆነ፣ በዚያ ቤት ሥራ ይፈተሻል ማለት ነው። ባዶ ከሆነ ግን ወይ ብረት የለም፣ ወይም ተማሪው ሰሌዳ ሲገለብጥ ይውላል።

ትምህርቱ ሲጀመር የመጀመሪያው ጉዳይ ልብስ ነው። ናይሎንና ፖሊስተር ያለበት ልብስ ፍንጣሪ ሲያርፍበት ቀልጦ ከቆዳ ጋር ስለሚጣበቅ፣ ቱታው ጥጥ ወይም ወፍራም ጂንስ መሆን አለበት። የሱሪው እግር ከጫማው ውጭ ይወርዳል፤ ወደ ጫማው ከተከተተ ወይም ጫፉ ከታጠፈ የጋለ ብረት የሚቀበል ኪስ ይሆናል። ጓንቱ የቆዳ፣ ጫማውም ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን የቆዳ ጫማ ይሁን። ጸጉራቸውን የሚሸፍኑ ሴት ተማሪዎች ሻሹ ጥጥ መሆኑን አረጋግጠው ጫፉን ቱታው ውስጥ ቢያስገቡት ይመረጣል። በኪስ ውስጥ የሲጋራ መለኮሻ ይዞ ወደ ብየዳ ቦታ መግባት ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ስለ ዓይን ጉዳይ ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ተማሪ ጉዳቱን የሚረዳው ከደረሰበት በኋላ ነው። በብየዳው ቅስት፣ ማለትም በኤሌክትሮዱ ጫፍና በብረቱ መካከል በሚነሳው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ውስጥ፣ ከሚታየው ብርሃን ሌላ ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረር አለ። ይህ ጨረር የዓይንን የፊት ሽፋን እንደ ፀሐይ ቃጠሎ ሲያቃጥለው ወዲያው ስለማይሰማ፣ ተማሪው ቀኑን ሙሉ ደኅና ውሎ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ ሌሊት፣ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተበተነበት ያህል እያቃጠለውና እያነባ ይነቃል። በያጆች «ብርሃኑ መታኝ» የሚሉት ይህንን ነው። በሰፈር የሚመከረው የተቆረጠ ድንች ወይም በወተት የተነከረ ጨርቅ በቅዝቃዜው ለጊዜው ያስታግስ እንደሆን እንጂ አያድንም፤ እንዲያውም ንጹሕ ካልሆነ በቆሰለው ዓይን ላይ ኢንፌክሽን ሊጨምር ይችላል። ሕመሙ ከበረታ፣ እይታ ከደበዘዘ ወይም በማግሥቱ ካልተሻለ፣ ዓይን ክፍል ወዳለው ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ በመሀል ከተማ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው።

መከላከያው ቀላል ነው። ለተለመደው የተማሪ ሥራ፣ ማለትም ከ75 እስከ 200 አምፔር ባለው የኤሌክትሮድ ብየዳ፣ የጭንብሉ ጥቁር መስታወት ቁጥር 10 ወይም 11 ሊሆን ይገባል። የፀሐይ መነጽር፣ ሁለት ሦስት ተደራርቦም ቢሆን፣ ይህን አይተካም። የሚጎዳው በያጁ ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ቆሞ ብረት የሚይዝለት ጓደኛው ጭምር ነው። እንዲያውም ጭንብል የሌለው ረዳት ከበያጁ ይልቅ ለጉዳቱ ይጋለጣል። ስለዚህ ቅስቱን ከማስነሳት በፊት «ዓይን!» ብሎ ማስጠንቀቅ ልማድ መሆን አለበት። ከብየዳው በላይ የሚቀረውን ስላግ የሚባል ቅርፊት ሲመቱም ሆነ ግራይንደር (በሚሽከረከር ዲስክ ብረት የሚቆርጥና የሚያለሰልስ ማሽን) ሲጠቀሙ ነጭ የመከላከያ መነጽር ያስፈልጋል፤ በጥድፊያ ጭንብሉን ገልጦ ቅርፊት መምታት በወርክሾፕ ውስጥ የሚታይ የተለመደ ስንፍና ነው።

ከዓይን ቀጥሎ ሳንባ ነው። ጭሱ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ጭንቅላትን ከጭሱ ዓምድ ወደ ጎን ማድረግ ከብዙ ጉዳት ይጠብቃል። ዚንክ የተቀባ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ወባ የሚመስል ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት ያመጣል፤ እዚህም ወተት መጠጣት መድኃኒት አይደለም። ዚንኩን ከሚበየደው ቦታ ዙሪያ ፍቆ ማስወገድና በአየር ውስጥ መሥራት ግን መፍትሔ ነው። በክረምት ደግሞ፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ የወርክሾፑ ወለል ሲረጥብ፣ የኤሌክትሪክ አደጋው ይጨምራል። ቅስት ሳይነሳ ማሽኑ በኤሌክትሮድ መያዣው ላይ የሚያቆየው ከ50 እስከ 90 ቮልት ሰውነቱ ለረጠበና ጓንቱ በላብ ለራሰ ሰው ቀላል ስላልሆነ፣ በደረቅ ጣውላ ላይ ቆሞና በደረቅ ጓንት መሥራት ይገባል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለጀማሪ የሚስማማው ኤሌክትሮድ በገበያ በብዛት የሚገኘው ኢ6013 ነው። ቁጥሩን ማንበብ ከመጀመሪያው ቀን መለመድ አለበት፤ 60 የሚለው የብየዳው ብረት በአንድ ስኩዌር ኢንች ቢያንስ 60,000 ፓውንድ የመሳብ ጥንካሬ እንዳለው ያመለክታል፤ 1 በማንኛውም አቅጣጫ መበየድ እንደሚችል፣ 3 ደግሞ ከፊተኛው 1 ጋር ተጣምሮ የሽፋኑንና የኤሌክትሪኩን ዓይነት ይነግራል። ኢ6013 በኤሲም (በተለዋዋጭ) በዲሲም (በቀጥተኛ) ኤሌክትሪክ ይሠራል። ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ለሆነው ከ70 እስከ 90፣ ለ3.2 ሚሊ ሜትሩ ከ100 እስከ 130 አምፔር አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው፤ ፓኬቱ ላይ የተጻፈው ከዚህ ከተለየ ግን ፓኬቱን ማመን ይገባል።

ማሽኑ ከመከፈቱ በፊት ማሳ የሚባለው መመለሻ ገመድ የሚቆነጠጥበት ቦታ ዝገትና ቀለም የሌለው መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ጀማሪዎች በኤሌክትሮዱ ወይም በማሽኑ ከሚያሳብቡት ችግር አንድ ትልቅ ክፍል የሚመጣው ከላላ ወይም ከዛገ መቆንጠጫ ነው። በማሽኑ ጀርባ የተጻፈውንም ማንበብ ይጠቅማል፤ 60 በመቶ የሚል ከሆነ፣ ከአሥር ደቂቃ ውስጥ በተጠቀሰው አምፔር ስድስቱን በይዶ አራቱን ማረፍ አለበት ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልምምድ ሁለት ብረት ማገናኘት መሆን የለበትም። ጠፍጣፋ ብረት ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አጽድቶ፣ በኖራ ቀጥ ያለ መስመር አስምሮ በዚያ ላይ የብየዳ መስመር ማስቀመጥ ብቻ ነው። ኤሌክትሮዱ ክብሪት እንደሚጫር ሁሉ በብረቱ ላይ ተጭሮ ቅስቱ ሲነሳ፣ ጫፉ ከብረቱ የሚርቀው የኤሌክትሮዱን የውስጥ ሽቦ ውፍረት ያህል ብቻ ነው። ከተጣበቀ ጭንብሉን ሳይገልጡ ወደ ጎን ጠምዘዝ አድርጎ ማላቀቅ፣ እምቢ ካለም ከመያዣው መልቀቅ ይቻላል። ኤሌክትሮዱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ያህል ጋደል ብሎ ይያዛል፤ እየቀለጠ ስለሚያጥርም እጅ ወደፊት ከመሄድ ሌላ በዝግታ ወደ ታች መውረድ አለበት። ተማሪው ይህን ሁለተኛውን እንቅስቃሴ ስለሚረሳ ቅስቱ እየረዘመ ይሄዳል፤ ድምፁም ይለወጣል። ጥሩ ቅስት የማያቋርጥ የመጥበስ ድምፅ ሲኖረው፣ የረዘመው ይንፋፋል፣ ፍንጣሪውም ይበዛል።

ዓይን መመልከት ያለበት ደማቁን ብርሃን ሳይሆን ከብርሃኑ ኋላ ያለውን ቅልጥ ብረት ነው። ይህን ለይቶ ማየት የሙያው እምብርት ስለሆነ፣ ማንም ተማሪ እስኪያየው ድረስ ወደ ቀጣዩ ልምምድ ባይሻገር ይመረጣል። ከላይ የሚንሳፈፈውና ደብዘዝ ያለው ስላግ ነው፤ ከሥሩ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው ደግሞ ብረቱ ነው። ቅልጡ ሰፍቶና ጠልቆ ቀጭኑን ብረት ሊበሳ ሲል ፍጥነት ይጨመራል ወይም አምፔር ይቀነሳል፤ ጠብቦ ከላይ ተከምሮ ሲቀር ደግሞ ተቃራኒው ይደረጋል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ይገባል። አምፔሩንም ፍጥነቱንም ቅርበቱንም በአንድ ላይ የቀየረ ተማሪ ውጤቱ ቢያምርለት እንኳ ምን እንዳሳመረው አያውቅም። በየመስመሩ አጠገብ በኖራ አምፔሩን ጽፎ፣ ሲጨርስ በስልኩ ፎቶ የሚያነሳ ተማሪ በወሩ መጨረሻ ከማንኛውም ደብተር የሚሻል ማስታወሻ ይኖረዋል።

ጠፍጣፋው ሲስተካከል ወደ ማዕዘን መገጣጠሚያ፣ ከዚያ ወደ አግድም፣ በመጨረሻም ወደ ቋሚና ወደ ራስ በላይ ብየዳ ይኬዳል። በርና መስኮት የሚሠራበት ቱቦላሬ የሚባለው ውስጡ ክፍት ብረት ግድግዳው ስስ በመሆኑ ተማሪውን ቶሎ ቶሎ እየተበሳ ያስመርረዋል፤ እዚያ ላይ ረጅም መስመር ከመሄድ ይልቅ ለአጭር ጊዜ አስነክቶ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ መቀጠል ይሻላል። ዋናውን ብየዳ ከመጀመር በፊት በአራቱም ማዕዘን ነጥብ ነጥብ እያደረጉ ማያያዝ፣ ከዚያም አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው ከመሄድ ይልቅ በተቃራኒ ማዕዘኖች እያፈራረቁ መበየድ ያስፈልጋል፤ የቀለጠው ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ሙቀት በአንድ ወገን የበዛበት ክፈፍ ይጣመማል።

ትምህርት ቤቱ ብቻ ሊሰጥ ወደሚችለው ነገር ስንመጣ፣ ተማሪው ራሱ የበየደውን መስበር አለበት። ሁለት ብረት በ90 ዲግሪ አቁሞ በአንድ ወገን ብቻ ከበየደ በኋላ ሞርሳ (ብረት አጥብቆ የሚይዝ ማሰሪያ) ላይ አስሮ ብየዳው ወዳለበት ጎን በመዶሻ ያጥፈው። ብየዳው ከተከፈተ ውስጡ ይታያል፤ ወደ መገጣጠሚያው ሥር ዘልቆ ካልገባ የሥሩ ጠርዝ ልክ እንደተቆረጠበት ቀን ቀጥ ብሎና ሳይነካ ይገኛል፤ ቅስቱ ረዝሞ ወይም ኤሌክትሮዱ ረጥቦ ከነበረ ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ይሞላል፤ የመጀመሪያው መስመር ቅርፊት ሳይጸዳ ሁለተኛው ከተደረበበት ጥቁር ስላግ ተቀብሮ ይወጣል። ሌላውን ናሙና በሴጌቶ (በብረት መጋዝ) አቋርጦ፣ ፊቱን በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስም ብዙ ያስተምራል። ከውጭ ሲታይ እጅግ ያማረ ብየዳ ውስጡ ያልተዋሃደ ሆኖ መገኘቱ ብርቅ አይደለም፤ ከላይ ሞረድ ተመቶና ቀለም ተቀብቶ ለገዢ የሚቀርብ በር ግን ይህን ለማንም አያሳይም። አሠልጣኙ ይህን ሙከራ ካላስደረገ፣ ተማሪዎች በአክብሮት «ቲቸር፣ የሠራነውን ሰብረን እንየው» ብለው ቢጠይቁ የሚከፋ አሠልጣኝ አይኖርም።

ሒሳብ የሚጠላ ተማሪ ወደዚህ ሙያ የሚገባው አመልጣለሁ ብሎ ከሆነ ተሳስቷል። አንድ የበር ክፈፍ ቁመቱ 210፣ ወርዱ 90 ሴንቲ ሜትር ይሁን። አራቱ ጎኖች ሲደመሩ ልክ 600 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ሙሉ ባለ 6 ሜትር ቱቦላሬ ርዝመት ይሆናሉ፤ እንዲያ አስቦ የቆረጠ ተማሪ ግን የመቁረጫው ዲስክ በየቁርጡ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ስለሚበላ ይጎድልበታል፤ ክፈፉም ይሰፋበታል። አግድሞቹ በቋሚዎቹ መካከል የሚገቡ ከሆነ፣ የቱቦላሬው ወርድ 4 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ እያንዳንዱ አግድም 82 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ድምሩ 584 ይመጣል፣ ለዲስኩም ይተርፋል። ክፈፉ ቀጥ ያለ መሆኑ የሚረጋገጠው በስኳድራ (በማዕዘን መለኪያ) ብቻ ሳይሆን ሁለቱን ሰያፎች በመለካት ነው፤ በዚህ ምሳሌ ሁለቱም ወደ 228 ሴንቲ ሜትር ተኩል መምጣት አለባቸው። ይህ በክፍል ውስጥ የተማርነው የፓይታጎረስ ቀመር ነው። ሰያፎቹ እኩል ካልሆኑ ነጥቦቹን መፍታት የሚቀለው ዋናው ብየዳ ሳይጀመር ነው።

የጋዝ ብየዳን በሚመለከት የሚባለው አጭር ቢሆንም ድርድር የለበትም። አሲቲሊን የሚባለው ተቀጣጣይ ጋዝ ከ15 ፒኤስአይ (ፓውንድ በስኩዌር ኢንች) በላይ በሆነ ግፊት አይሠራበትም፤ ከዚያ በላይ ራሱን በራሱ ሊያፈነዳ ይችላል። የኦክስጅን መክፈቻና መቆጣጠሪያ በዘይት ወይም በግራሶ በተነካ እጅ አይነካም። ሲሊንደሮቹ ቆመው በሰንሰለት ይታሰራሉ። እሳት ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለው መሣሪያ ያልተገጠመበትን ቱቦ ተማሪ መለኮስ የለበትም።

ከዚህ በኋላ የትብብር ሥልጠና ይመጣል፤ ተማሪው ወደ ድርጅት ወይም ወደ ግል ወርክሾፕ ይላካል። በሶማሌ ተራ ወይም በተክለሃይማኖት ዙሪያ ባሉ ቤቶች የሚገኘው ትምህርት ሌላ ነው፤ ፍጥነት፣ ዋጋ መተመን፣ ከደንበኛ ጋር መነጋገር፣ ከምናለሽ ተራ የመጣን ያገለገለ ብረት አይቶ ለምን እንደሚሆን መገመት። ወርክሾፑን ማልዶ መክፈትና መጥረግ ተማሪውን አያሳንሰውም፤ ባለሙያው ሲሠራ አጠገቡ ለመቆም የሚያበቃው ይኸው ነው። ሆኖም የአገልጋይነት ጊዜው ወራት ከወሰደና እጁ ማሽን ካልነካ፣ ጉዳዩን ለትምህርት ቤቱ አስተባባሪ ማሳወቅ መብቱ ነው።

እምቢ ማለት የሚገባባቸው ሥራዎችም አሉ። ቤንዚን፣ ናፍጣ ወይም ቀለም ይዞ የነበረ በርሜል፣ ባዶ ነው ቢባልም፣ ውስጡ በቀረው ትነት ሊፈነዳ ስለሚችል ተማሪ አይበይደውም። ትዕዛዙ ከታላቅ ሰው ሲመጣ እምቢታው ከባድ መሆኑ እሙን ነው፤ ነገር ግን «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በትምህርት ቤታችን ይህን እንዳንነካ ተከልክለናል» ማለት ማንንም አያዋርድም፣ በትምህርት ቤቱም ማሳበብ ይቻላል። በተጨናነቁት የመሀል ከተማ ወርክሾፖች ጎረቤቱ የጣውላ ወይም የስፖንጅ ቤት መሆኑ የተለመደ ነው። ፍንጣሪ ርቆ ስለሚሄድ እስከ 11 ሜትር ድረስ ያለውን ተቀጣጣይ ነገር ማንሳት ወይም መሸፈን፣ ሥራው ካለቀም በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አካባቢውን መጠበቅ ያስፈልጋል።

ሥልጠናው ሲጠናቀቅ ሲኦሲ እየተባለ የሚጠራው የብቃት ምዘና አለ፤ የጽሑፍም የተግባርም ክፍል አለው። ተማሪዎች የሚወድቁት አብዛኛውን ጊዜ መበየድ ስላቃታቸው ሳይሆን፣ በመዛኝ ፊት ሥዕሉን ሳያነቡ መቁረጥ ስለሚጀምሩና የደኅንነት ዕቃቸውን ስለሚረሱ ይመስለኛል። ስለዚህ ከምዘናው በፊት ባሉት ሳምንታት፣ ጓደኛን መዛኝ አድርጎ፣ ሰዓት ይዞ፣ ከሥዕል እስከ ተጠናቀቀ ሥራ ያለውን ሁሉ ማንንም ሳይጠይቁ መሥራት ጥሩ ዝግጅት ነው። በተለይ የማዕዘን ብየዳ መጠን በሥዕል ላይ ሲሰጥ፣ የእግሩ ርዝመት፣ ማለትም ብየዳው በእያንዳንዱ ብረት ላይ የያዘው ስፋት፣ እና የመሀሉ ውፍረት፣ ማለትም ከመገጣጠሚያው ሥር እስከ ብየዳው ፊት ያለው አጭር ርቀት፣ መለየት አለባቸው፤ ሁለቱም እግሮቹ እኩል 6 ሚሊ ሜትር የሆኑ ብየዳ መሀሉ 4.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ከምዘናው በኋላ በኢ6013 የረካ እጅ ወደ ኢ7018 መሻገር ይኖርበታል። ይህ ኤሌክትሮድ ለሕንጻ አምድና ለሸክም ተሸካሚ ብረት የሚመረጥ ሲሆን፣ እርጥበት ከጠጣ ብየዳው ስንጥቅ ሊያወጣ ስለሚችል በሚሞቅ ምድጃ ውስጥ ደርቆ መቀመጥ አለበት። ቅስቱን በጣም አጭር አድርጎ መያዝን ይጠይቃል፤ ሲቋረጥ እንደገና ማስነሳቱም ያስቸግራል። ከታች ወደ ላይ የሚሄደውን ቋሚ ብየዳ በዚህ ኤሌክትሮድ በ3.2 ሚሊ ሜትር መለማመድ የሚቻለው ግን ማሽኑ፣ ብረቱና አሠልጣኙ አንድ ቦታ በሚገኙበት በትምህርት ቤቱ ስለሆነ፣ ከመመረቂያው በፊት አሠልጣኙን ተጨማሪ የወርክሾፕ ሰዓት መጠየቅ ያዋጣል።